ቴምሩ አልጋ ስር ነው፤ እህቴ ደግሞ እየመጣች ነው

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከአዳማ ነው። 34 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እናቴም ከእኛው ጋር ነው የምትኖረው።

ታናሽ እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ከሄደች 6 ዓመት ሆናት። በየዓመቱ ሰው ስታገኝ በሰው፣ ካጣች በካርጎ ቴምር ትልክልናለች። አንዳንዴ አንድ ካርቶን፣ አንዳንዴ ሁለት። ስትደውል ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ «ቴምሩን በላችሁት?» ብላ ነው። እኔም «አዎ፣ ልጆቹ ተጣልተውበት ነው የጨረሱት» እላታለሁ። ውሸቴን ነው።

ልጆቼ አንድ ሁለት ቀን ቀመሱና «ጥርስ ላይ ይጣበቃል» ብለው ተዉት። እናቴ ስኳር አለባት፤ ቴምር ስታይ ታማትባለች። ባለቤቴ ጣፋጭ አይወድም። እኔም ከሻይ ጋር ሁለት ፍሬ ከመብላት በቀር ምን እንደሚሠራበት አላውቅም። ያምና ካርቶን ግማሹ እንዳለ አልጋ ስር ነው። የዘንድሮው ፕላስቲኩ እንኳን አልተቀደደም። ካቻምና የላከችውን ደግሞ የልጆቹ ደብተር መግዣ ሲያጥረኝ ለሰፈር ባለሱቅ ሸጥኩት። ይህን ባለቤቴም አያውቅም።

አሁን እህቴ ለፋሲካ ልትመጣ ነው። ለሆሳዕና ዋዜማ እገባለሁ ብላኛለች፤ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ባለፈው ስትደውል «ስመጣ በቴምሩ የምትሠሪውን ትሠሪልኛለሽ» አለችኝና ደነገጥኩ። ልጣለው? ለነዳያን ልስጠውና ጨረስነው ልበላት? አንዳንዴ «ይህን ሁሉ ከምትልክ ብሩን በላከችልን» ብዬ አስባለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ራሴን እታዘበዋለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

የጨነቃት እህት፣ ከአዳማ

*

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እስካሁን ለምን አልጣልሽውም? ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች በየሳምንቱ በራችሁን ያንኳኳሉ። አንድ ቀን ጠዋት ብትሰጪያቸው ነገሩ ያለቀ ነበር። አንቺ ግን ራስሽ ከምትተኚበት አልጋ ስር አስቀመጥሽው። ለእህትሽ ልፋት ግድ የሌለው ሰው እንዲህ አያደርግም። «ክፉ ሆንኩ መሰለኝ» የሚለው ስሜት በደብዳቤሽ ላይ እዚህም እዚያም ይታያል። እኔ ያየሁት ግን ክፋት አይደለም። የተሰጣትን ነገር እንዴት እንደምትይዘው ያልገባት፣ ለመጠየቅ ደግሞ ያፈረች እህት ናት።

ስለሸጥሽው ካርቶን እናውራ፤ ከሁሉም በላይ የሚከብድሽ እሱ ይመስለኛል። ደብተር ነው የገዛሽበት። የእህቷን ልጆች ደብተር። በአካል ነግረሻት «እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ» የምትል እህት ናት? እስቲ ፊቷን አስቢው። ትንሽ ቅር ሊላት ይችላል፤ ይህን አልደብቅሽም። ከሸጥሽው ይልቅ ግን «ልጆቹ ተጣሉበት» ያልሻት ነው የበለጠ የሚሰማት። ምክንያቱም እሷ ያንን ታሪክ ይዛ ነው የምትሠራው። ሌሊት ደክሟት ስትተኛ ልጆቹ በቴምር ሲጣሉ ይታያታል።

ስለዚህ ንገሪያት እላለሁ። በስልክ ግን አይሁን። ሰው ቤት የሚሠራ ሰው ስልክ የሚያወራው በጭንቅ ነው፤ ግማሹን ሰምታ ሥራ ይጠራታል፣ ቀሪውን ለብቻዋ ስታብሰለስለው ታድራለች። ከመጣች በኋላ፣ እንግዳው ቀለል ሲል፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይሁን። እጃችሁ ሥራ ላይ እያለ ቢሆን ደግሞ ይቀላል። ሽንኩርት እየከተፋችሁ የምትነጋገሩት ነገር ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ከምትነጋገሩት አይከብድም። ብዙ አታቆዪው ግን። ባለሱቁ ለሰላምታ ብሎ «ያ ቴምር ጥሩ ነበር» ቢላት ታሪኩን የምትሰማው ከእሱ ይሆናል።

ብሩን ብትልክልን ብለሽ ማሰብሽም ነውር አይደለም። ኑሮው ለሁላችንም ከብዷል። ግን ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? ቴምሩን የምትገዛው ራሷ ናት ወይስ አሠሪዎቿ ለረመዳን የሰጧት ነው? ከሰጧት እህቴ፣ የራሷን ድርሻ አልበላም ብላ ነው ለእናንተ የምትልከው ማለት ነው። ከገዛችው ደግሞ ቀስ ብለሽ «የካርጎውን ወጪ ለራስሽ አስቀምጪው፣ ትንሽ ይበቃናል» ማለት ትችያለሽ። «ብር ላኪ» ከማለት በጣም ይለያል።

አሁን ወደ ካርቶኖቹ እንምጣ። ሦስት ሳምንት ብዙ ጊዜ ነው።

ያምናውን ቀን አውጪውና በመስኮት ብርሃን እይው። ጋዜጣ ወይም ሰፌድ ላይ ዘርግፊው። አንድ ፍሬ አንሺና በርዝመቱ በጣትሽ ሰንጥቂው። ውስጡ ንጹሕና የሚያብረቀርቅ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ውስጡ ባለው ጠንካራ ፍሬ አካባቢ ጥቁር ብናኝ፣ ድር መሳይ ነገር ወይም ትል ካየሽ ይጣላል። ስታሸቺው ጠላ ጠላ ወይም ኮምጣጣ ከሸተተም ይጣላል። ከላይ ነጭ ነገር ካለበት ቶሎ አትፍረጂበት፤ ብዙ ጊዜ ስኳሩ ወጥቶ የደረቀ ነው። ለመለየት እጅሽ ላይ ሞቅ አድርገሽ እሺው። ስኳር ከሆነ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ሲሞቅም ይሟሟል። ሻጋታ ግን ጸጉር ያለው ይመስላል፣ ይሸታልም፤ እሱን አብሮት ከተጣበቀው ጋር ጣዪው። የአዳማ ሙቀት ቴምርን ያደርቀዋል፣ ያጠቁረዋል። ደረቀ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም፤ የደረቀው ለሚቀቀለው ይሆናል።

የተረፈውን በሚከደን ዕቃ አድርገሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚደርስ ፍሪዘር በጥቂት ቀናት ውስጥ በዓይን የማይታየውን እንቁላልና ነፍሳት ይገድላል። መብራት እየጠፋ ስለሚያስቸግር አንድ ሳምንት ብታቆዪው ይሻላል። ፍሪዘር ከሌለሽ ጎረቤት ጠይቂ። ያልተከፈተው ካርቶን ደግሞ ከወለል ይነሣ፤ ቀዝቀዝ ያለና ጨለማ ቦታ ይቀመጥ።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ስምም አንብቢው። ከሪያድ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሱካሪ ነው፤ የቃሲም ቴምር ይሉታል። ወርቃማ፣ ለስላሳና በጣም ጣፋጭ ነው። ልጆችሽ «ይጣበቃል» ያሉት እሱ ሊሆን ይችላል። አጅዋ ከሆነ የመዲና ነው፤ ጥቁር ነው፣ ጣፋጭነቱም ረጋ ያለ ነው። ባለቤትሽ ጣፋጭ ካልወደደ ምናልባት ይህኛው ይስማማው ይሆናል።

እንግዲህ እንዴት ይበላል? ከቡና ጀምሪ። እህትሽ 6 ዓመት ያየችው ይህንን ነው። እዚያ ቡናው ቀለል ተደርጎ ይቆላል፣ ሄል ይገባበታል፣ ስኳር አይገባበትም። ጣፋጩ ቴምሩ ነው። አንድ ፍሬ ጎረስ፣ ፉት። እኛ ደግሞ የቡና ቁርስ የሚባል የቆየ ወግ አለን። ፈንዲሻው፣ ቆሎው፣ ዳቦው በሚቀርብበት ሰፌድ ላይ አንድ ትንሽ ሰሃን ቴምር ጨምሪ። ፍሬውን አስቀድመሽ አውጪለትና በቦታው የተቆላ ለውዝ አስገቢበት። ለውዙ ጣፋጩን ይሰብረዋል፣ ጥርስ ላይ የመጣበቁንም ነገር ያቀለዋል። ቡናውን ያለ ስኳር ቅጂ። አንድ ቀን ለብቻሽ ሞክሪው። አቦሉን በአንድ ቴምር ስትጠጪው መራራውና ጣፋጩ አፍ ውስጥ ሲገናኙ ይገባሻል።

ለልጆቹ በሶ አለልሽ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። ፍሬያቸው የወጣ 20 ያህል ቴምሮች በሙቅ ውሃ ሩብ ሰዓት ነክረሽ አጥልያቸው። ሙቀጫ ውስጥ ከቁንጥር ጨው ጋር ውቂያቸው፤ ሊጥ ይሆናሉ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ጨምሪ። ከዚያ በሶውን በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነስሽ እሺው፤ አንድ ኩባያ ገደማ ይፈጃል። እጅሽን መልቀቅ ሲጀምር በቃው። ትንንሽ ጭብጦ አድርገሽ በተቆላ ሰሊጥ ላይ አንከባልያቸው። ማንከባለሉን ለልጆቹ ስጫቸው። ራሱ የጨበጠውን ጭብጦ የማይበላ ልጅ አላየሁም። የጾም ነው፣ ለትምህርት ቤት ምሳ ዕቃም ይመቻል። ከበሉ በኋላ አፋቸውን ይጉመጥመጡ። ትንሹ ገና ሕፃን ከሆነ ፍሬው እንዳያንቀው ተጠንቀቂ፤ ቴምሩንም በጣም አድቅቂለት።

ያ የደረቀው የአምና ቴምር ደግሞ ሽሮፕ ይሆናል። ዓረቦቹ ዲብስ ይሉታል። ግማሽ ኪሎ ፍሬው የወጣ ቴምር በአንድ ሊትር ውሃ ክተቺና በዝግተኛ እሳት ግማሽ ሰዓት ይብሰል። በማማሰያ ጨፍልቂው። ሲበርድ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጥልይውና ጨምቂው። የወጣውን ውሃ እንደገና ጥጂው፤ እዚህ ላይ አጠገቡ ቁሚ፣ ታች ይይዛል። ማንኪያ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ሲቀር አውርጂው። ሲቀዘቅዝ የበለጠ ይወፍራል። በጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ጨምቀሽ የቀረውን ገለባ አትጣዪው፣ ዳቦ ሊጥ ውስጥ አስገቢው።

ይህን ሽሮፕ ምን ላይ ታፈሺዋለሽ? ጨጨብሳ ላይ! ለጾም በዘይት፣ ከፋሲካ በኋላ በቅቤ ትሠሪዋለሽ። ሌላ ጊዜ ማር በምታደርጊበት ቦታ አንድ ማንኪያ ሽሮፕ አድርጊ። በርበሬውና የቴምሩ ጣፋጭነት አብረው ሲመጡ በጣም ይስማማሉ። እህትሽ 6 ዓመት ጨጨብሳ የናፈቃት ይመስለኛል። የእሷ ቴምርና የአዳማ ጨጨብሳ በአንድ ሰሃን ላይ ሲገናኙ እስቲ አስቢው።

እዚህ ጋ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ወንጂ ስኳር ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ አጠገባችን እያመረተ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ የእኛ አካባቢ ሰው ጣፋጭ ሲባል ነጭ ስኳር ነው የሚታየው። ያንን ሸንኮራ የሚያጠጣው አዋሽ ግን እዚያ አያበቃም። ወርዶ ወርዶ አፋር ይገባል፣ አሳይታ አካባቢ ደግሞ ቴምር ያለማል። ለሆሳዕና በእጃችን የምንይዘው ዘንባባም የቴምር ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። እናትሽ ቴምርን እንደ ባዕድ ነገር ካየችው ይህን አጫውቻት። ትወደው ይሆናል።

ስለ እናትሽ ግን ጠንቀቅ እንበል። ማማተቧ ልክ ነው። «የተፈጥሮ ጣፋጭ ነው፣ ስኳር ላለበት አይጎዳም» የሚሉሽን አትስሚ። መጅዱል የሚባለው ትልቁ ቴምር አንዱ ብቻ 24 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 16 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። 4 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ትንንሾቹ ያነሰ ነው ያላቸው፤ ሰው ግን አንድ በልቶ አያቆምም። ሽሮፑ ደግሞ ለእሷ ጨርሶ አይሆንም፤ አሠሩ ቀርቶ ስኳሩ ብቻ ነው የተረፈው። ለሚቀጥለው ቀጠሮዋ ስትሄድ ሐኪሟን «አንድ ትንሽ ፍሬ ከምግብ ጋር ብትበላስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኩላሊቷን የሚያማት ከሆነም ንገሯቸው፤ ቴምር ፖታሲየም ይበዛበታል። እሺ ካሏት በቤት መለኪያው ሳትለኩ አትለፉ። ካልፈቀዱ ደግሞ ከሥራው አታርቂያት። ቴምሩን ሰንጥቆ ፍሬ ማውጣት የእሷ ይሁን። ቁጭ ብላ፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከልጆቹ ጋር። ልጇ የላከችውን በእጇ መንካቷ ራሱ ደስ ይላታል።

ለሙቀቱ ደግሞ አቮካዶ ጁስ። ስኳሩን ተዪና ለአንድ ብርጭቆ ሦስት የራሰ ቴምር አብረሽ ፍጪ፣ ሎሚ ጠብ አድርጊበት። ጠዋት ለሚበላ ቅንጬም ከትፈሽ ጣል ማድረግ ይቻላል።

ለፋሲካ ማግስት አንድ የሥጋ ነገር ከፈለግሽ፣ ከበጉ ላይ አንድ ኪሎ ያህል አጥንት ያለበት ሥጋ አስቀሪ። ብዙ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬ። በርበሬ አይግባበት። ቀስ ብሎ ሥጋው እስኪለቅ ድረስ ይብሰል። ሊወጣ 20 ደቂቃ ሲቀረው 10 ቴምር ለሁለት ለሁለት ሰንጥቀሽ ጨምሪ። መረቁ ወፍሮ ይጠቁራል። ከሩዝ ጋር ይቀርባል። ዶሮ ወጥሽ ውስጥ ግን አትሞክሪው። በደንብ የበሰለ ሽንኩርት የራሱ ጣፋጭነት አለው፤ ቴምር ያበላሸዋል።

ይህን ሁሉ ለብቻሽ ተለማምደሽ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው» ልትያት እንዳታስቢ አደራ። ያ ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል። በሶውንና ሽሮፑን አሁን ሞክሪ። ሩዙንና በጉን ግን ለእሷ ተዪላት። «እኔ አልችልበትም፣ አንቺ አሳዪኝ» በያት። ከብሳ የሚሉትን የዓረቦቹን ሩዝ በሥጋ ስትሠራ 6 ዓመት ኖራለች፤ እጇ ያውቀዋል። እዚያ የምትሠራው ለሰው ነው። እዚህ አንድ ቀን ለእናቷ ትሥራ። አጠገቧ ቆመሽ ሽንኩርት ስትከትፊ ያኔ ስለ ሸጥሽው ካርቶን ትነግሪያታለሽ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ልጅ ሆኜ ቴምር የቀመስኩት ሙስሊም ጎረቤታችን በረመዳን በማፍጠሪያ ሰዓት ይልኩልን በነበረው ሰሃን ነው። ሦስት ፍሬ ቴምር፣ አንድ ሳምቡሳ። እናቴ ሰሃኑን ባዶውን አትመልስም ነበር። አንቺም ሰፈር እንደዚህ ያሉ እናት አይጠፉም። ከዘንድሮው ካርቶን አንድ ሰሃን ይዘሽ ሂጂና «እናንተ ቤት በምን በምን ይበላል?» ብለሽ ጠይቂ። እኔ ከጻፍኩልሽ የተሻለ ይነግሩሻል። ለነዳያን ልስጥ ያልሽውም መልካም ነው። ከደህናው፣ ከተመረጠው ይሁን እንጂ ከተበላሸው አይሁን።

እህትሽ እስክትመጣ ደግሞ አንድ ጊዜ መደወሏ አይቀርም። «ቴምሩን በላችሁት?» ትልሻለች። እንዲህ በያት፦ «አላለቀም፣ እየጠበቀሽ ነው። ስትመጪ አብረን እንሠራዋለን።» ይህ እውነት ነው። ነገ ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ካርቶኑን ከአልጋው ስር አውጪና መስኮቱን ክፈቺ።